ገመድን ማሻገር

ጫፌ የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ቀያሽ ነበር፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ሜዳ ይዟት ይወጣና የመለኪያውን ገመድ አንድ ጫፍ ያስይዛታል። «ጫፌ! ችካሏ ላይ! እንዳትነቃነቂ!» ይላታል ከወዲያ ማዶ፤ እሷም ትንፋሿን ውጣ ድርቅ ትላለች። ገመድ የሚይዝ ሠራተኛ ተመድቦለት እያለ ልጅ ይዞ መዞሩ ለባልደረቦቹ መሳቂያ ነበር። እሱ ግን «ከሷ ይበልጥ ቀጥ ብሎ የሚቆም ካላችሁ አምጡልኝ» እያለ ይመልስላቸዋል። ስሙ እንደዚያው ተለጥፎባት ቀረ። አድጋ፣ ተምራ፣ ፕሮግራመር ሆና የከተማ ካርታ የሚሠራ መሥሪያ ቤት በተቀጠረች በሳምንቱ፣ አባቷ ሊጠይቃት መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «ጫፌ!» ብሎ ተጣራ። ከዚያ ቀን ወዲህ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በሌላ ስም የጠራት የለም።

ጉልበቱ እንቢ ብሎት ሜዳ መውጣት ሲያቅተው አባቷ ቤት መዋል አላወቀበትም። ወጥ ቤት ድረስ እየተከተለ ስለ ሽንኩርት አከታተፍ አስተያየት መስጠት ሲጀምር እናቷ ተማረረች። «እባክሽ ይህን ሰውዬ አንድ ነገር አስይዢልኝ፤ አለበለዚያ ወይ እሱ ይወጣል ወይ እኔ» አለቻት። ጫፌ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበረች። አሮጌ ኮምፒውተሯን ሰጠችውና ፕሮግራም መጻፍ አስተማረችው። መጀመሪያ ላይ ሁለት ጣቱን አሹሎ፣ ፊደል በለቀመ ቁጥር መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሲያስቃት ከረመ። ቆይቶ ግን የዕድሜ ልክ ሙያውን ወደዚያው አፈሰሰው። የመሬት ልኬት ቁጥሮች ሲሰጡት የቦታውን ስፋት፣ የድንበሩን ማዕዘንና የልኬቱን ስሕተት አስልቶ የሚያወጣ ፓኬጅ፣ ማለትም የተሰናዳ የፕሮግራም ጥቅል፣ ጻፈ፤ ስሙንም «ገመድ» አለው። ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲጠቀምበት፣ ከፈለገም እንዲቀይረው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀቀው።

ሰው አገኘው። አባቷ በካርታ ላይ ካልሆነ የማያውቃቸው አገሮች ውስጥ ያሉ ቀያሾች በገመድ ይሠሩ ጀመር። ጥያቄ ይጽፉለታል፤ እሱም ለአንዱም ሳይመልስ አያድርም። «ሰዎቼ» ይላቸዋል። እናቷ «ዛሬስ ሰዎችህ ምን አሉ?» ብላ ስትጠይቀው፣ ስለ አንድ በረሃ ውስጥ ስለሚሠራ ልጅ ወይም ስለ አንዲት የደሴት ቀያሽ እንደ ዘመድ ወሬ ያወራላታል።

እሑድ እሑድ ጫፌ ትመጣለች። ከእናቷ ጋር ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳትጨርስ ወደ አባቷ ትንሽ ክፍል ትገባና ይጣላሉ።

«አባዬ፣ ይህን ነገር ‘ሀ’ ብለህ ሰይመህ ማን ይረዳሃል?»

«እኔ ይገባኛላ!»

«ለራስህ ብቻ ነው እንዴ የምትጽፈው?»

«አንቺ ደግሞ ስም ታስረዝሚያለሽ። ያንቺን ለማንበብ ቁርስ በልቶ መነሳት ያስፈልጋል!»

እናቷ ከሳሎን «ልግባና ልገላግል ወይስ ጎረቤት ልጥራ?» ትላለች። ከዚያ ሁለቱም ሲንከተከቱ ይሰማል። ጫፌ በሕይወቷ እንደዚያች ጠባብ ክፍል የሞቀ ቦታ አታውቅም ነበር።

የፕሮግራም ቋንቋ እንደ ሰው ቋንቋ ይለወጣል። ልዩነቱ፣ አሮጌ ሰው በአሮጌ አነጋገሩ ቢቀጥል የሚገባው አያጣም፤ ኮምፒውተር ግን አንዲት ነገር ከተቀየረችበት እንደ በቅሎ ይገተራል። ገመድ የተጻፈበትን ቋንቋ የሚሠሩት ሰዎች አዲስ ቨርዥን፣ የታደሰ እትም፣ አወጡና፣ አሮጌውን ከእንግዲህ አንጠግንም፣ ቀዳዳ ቢገኝበትም አንደፍንም አሉ። የየፓኬጁ ባለቤቶች ሥራቸውን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ማሻገር ጀመሩ። ሥራው አሰልቺ ነው። በተለይ ለገመድ የከፋው ማካፈል ነበር። በአሮጌው ቨርዥን ሰባት ለሁለት ሲካፈል ሦስት ይላል፤ ትርፏን ትንፍሽ ሳይል ይጥላታል። አዲሱ ሦስት ተኩል ይላል። እንግዲህ ማካፈል ያለበትን መስመር ሁሉ እያነሱ «እዚህ ጋ ትርፏ እንድትጣል ነበር የተፈለገው ወይስ እንድትቆይ?» ብሎ መመርመር የግድ ነው። ሳይመረመር የታለፈ መስመር የአንዱን አጥር ጎረቤቱ ግቢ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።

ጫፌ ነገሩን ለአባቷ የነገረችው ገና ወሬው ሲሰማ ነው። «አውቃለሁ፤ እየሠራሁት ነው» አላት። ከወራት በኋላ ጠየቀችው። «እየሠራሁት ነው።» በመሃል ሥራ በዛባት፤ እሑድም ቢሮ መግባት ጀመረች፤ ወላጆቿ ቤት መሄዷ ወደ ስልክ ተለወጠ። በስልክም ስትጠይቀው ያችኑ ይመልስላታል። ቃሉን ከመስማት ብዛት ትርጉሙ ጠፋባት። ዕድሜው የገፋ ሰው አልቻልኩም ማለት አፍሮ የሚላት መሰላት። ልትገፋው አልፈለገችም፤ ተወችው። እሱም የሠራውን ለማሳየት እሷን በአካል ይጠብቅ ነበርና በስልክ አልዘረዘረላትም።

በመጨረሻ ነገሩ ወደ ራሷ ቢሮ ገባ። የክፍሉ ኃላፊ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ እንደሚታደሱና አሮጌው ቨርዥን ከነጭራሹ እንደሚነሳ ተናገሩ። የካርታ ክፍሉ ሥራ በገመድ ላይ የቆመ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ኃላፊው ወደ ጫፌ ዞር ብለው «አባትሽ ምን አሉ?» አሏት።

«እየሠራ ነው።»

«ባለፈውም እንደዚያ ነበር ያልሽኝ» አሉ፤ ጫፌም አንገቷን ደፋች።

አጠገቧ የሚቀመጠው ባልደረባዋ ጥድፊያ ይባላል። ሻይ እንኳ ሳይበርድለት እየጠጣ ምላሱን የሚያቃጥል ሰው ነው። ከስብሰባው ሲወጡ «ምን ያስጨንቅሻል? ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብለን እንቀይረውና በአዲስ ስም እንልቀቀው። ራሳቸውም ቢሆኑ ይገላገላሉ» አላት።

እሷም መጀመሪያ ለአባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ ገመድ የት ደረሰ?»

«ትንሽ ታገሺኝ።»

«እስከ መቼ?»

«ሲያልቅ ነዋ፣ ልጄ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አበሸቃት። እዚህ አለቃ እያፋጠጣት እሱ ይስቃል። «እሺ በቃ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ቅዳሜና እሑድ ከጥድፊያ ጋር ባዶ ቢሮ ውስጥ ዋሉ። ግማሹን ሥራ ቀያሪ ፕሮግራም ሠራላቸው፤ የቀረውን በእጃቸው አረሙ። ጫፌ ማካፈሎቹን አንድም ሳታልፍ መረመረች። በአባቷ ሥራ ላይ ቀልድ አታውቅምና ጥድፊያ «ይበቃል» ሲላት «አይበቃም» እያለች የቢሮውን የቆዩ ልኬቶች በአሮጌውም በአዲሱም አስልታ አመሳከረች። እሑድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። «አዲስ ገመድ» ብለው ሰየሙት፤ በአዘጋጅነትም የጫፌ ስም ከነአባቷ ስም ሰፈረ። መግለጫውን የጻፈው ጥድፊያ ነው፤ «የድሮው ገመድ ተንከባካቢ ስለሌለው በዚህ ተተክቷል» የሚል ነበር። ጫፌ አነበበችው። አንድ ነገር ጎረበጣት። ግን ደክሟት ነበር፤ በልቧም «ታዲያ ውሸት ነው?» አለች። ተለቀቀ።

ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ልትነግረው ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች። መንገድ ላይ የምትለውን ስታሰላስል ነበር። «ሸክሙን አነሳሁልህ አባዬ» ልትለው ነው። ምናልባት ትንሽ ይኮሳተርና ከዚያ ይስማት ይሆናል።

በሩን የከፈተላት ራሱ ነው። እንዲህ ፊቱ በርቶ ካየችው ቆይታለች።

«አንቺ ልጅ መንፈስ አለብሽ! ልደውልልሽ ስል መጣሽ!» ብሎ እጇን እየጎተተ ወደ ክፍሉ አስገባት። «ተቀመጪ። ተቀመጪና እዪ።»

ስክሪኑ ላይ ገመድ ነበር። በአዲሱ ቨርዥን የተጻፈ ገመድ።

«አልቋል በይው። የቀረችኝ አንዲት የአሃድ መቀየሪያ ናት። ስሞቹንም ለውጫቸዋለሁ፤ እንደ ጭቅጭቅሽ! ‘ሀ’ የሚባል ነገር ብታገኚ ጆሮዬን ቁረጪው።» እየሳቀ ስክሪኑን ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል። «እኔ በቁጥር ብቻ አላምንም። የቀየርኩትን ሁሉ በመሬት ነው የፈተንኩት። ኳስ ሜዳውን ለካሁ፤ የትምህርት ቤቱን ግቢ ለካሁ፤ ይሄ የታጠፈው መንገድ ዳር ያለውን ሦስት ማዕዘን ቦታ እንኳ ሳልምረው ለካሁት።»

«በዚህ ጉልበትህ?»

«በእናትሽ ጉልበት!»

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እኔን ገመድ አስይዞ ፀሐይ ላይ ሲገትረኝ ከረመ። የሰፈሩ ሰው ቤት ልንሠራ መስሎት እንኳን ደስ ያላችሁ እያለን ነው» አለች።

«ጫፍ አያያዝ አታውቅም» አለ አባቷ ለጫፌ በሹክሹክታ፣ እናቷ እንድትሰማ አድርጎ። «ስትስቅ ገመዱ ይረግባል። ስንት ጊዜ ደግሜ ለካሁ መሰለሽ!»

ጫፌ ልሳቅ ብላ ፊቷ አልታዘዝ አላት።

«እሑድ ትመጪና አብረን እንለቀዋለን» አላት። «የመጨረሻዋን ቁልፍ አንቺ ትጫኛለሽ። ለሰዎቼ ማን እንዳስተማረኝ እነግራቸዋለሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ዓይኑን አየችና ዘጋችው። «እሺ አባዬ» አለች።

ውጪ እንደወጣች ለጥድፊያ ደወለች። «የለቀቅነውን ማውረድ እንችላለን?» አለችው።

«ማውረድማ ይቻላል። ግን መሥሪያ ቤቱ ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ጭኖታል። ከውጭም የወሰደው ሰው ብዙ ነው፤ ሲጠብቁ ነበር መሰለኝ። ምን ሆነሽ ነው?»

ስልኩን ዘጋችው። ነገ ተመልሼ ለአባዬ እነግረዋለሁ አለች በልቧ። በራሷ አፍ ትነግረዋለች።

በማግስቱ ገና ቢሮ ሳለች እናቷ ደውላ ቀደመቻት። «ጫፌ፣ ይህ ሰው ቁርሱን ሳይነካ ክፍሉን ዘግቶ ተቀምጧል። ከሰዎቹ አንዱ የሆነ ነገር ጽፎለት ነው። ‘እንኳን ደስ ያለዎት፣ ልጅዎ ተረከበችዎት፣ እንግዲህ ይረፉ’ ይለዋል። ምን ማለቱ ነው?»

ጫፌ ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ከቢሮ ወጣች።

አባቷ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑ ላይ አቀርቅሮ ነበር። የሚያነበው የእሷን ኮድ ነው። «ግቢ» አላት ሳይዞር። ዘወትር የምትቀመጥባት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሱም እስከ መጨረሻው መስመር ማንበቡን ቀጠለ።

«ማካፈሉን ሁሉ አየሁት» አለ በመጨረሻ። «የሳትሽው የለም።»

«አባዬ...»

«ጥሩ ሥራ ነው። እውነቴን ነው። ከኔም ያጠረ ነው።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ‘ተንከባካቢ ስለሌለው’ የሚለውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

ጥድፊያ ነው ማለት ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። «አንብቤ ነው የተውኩት» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። «እየሠራሁት ነው ብዬሽ ነበር እኮ።» ተቆጥቶ ቢሆን ትችለው ነበር። ግን የተቆጣ አይመስልም፤ የሆነች ትንሽ ነገር አልገባ ብላው የሚጠይቅ ሰው ነበር የሚመስለው።

«እንዲያው... እንዲያው የምትለኝ መስሎኝ ነበር።»

«እንዲያው የምልሽ» ብሎ ቃሉን ደገመው።

ጫፌ ተንበርክካ ጉልበቱን ያዘች። የእኔን ዛሬውኑ አወርደዋለሁ አለችው። ያንተን እንልቀቅ አለችው። ካልሆነ ሁለቱን እንቀላቅላቸው፤ ስምህ ከላይ ይሁን፤ ያችን ዓረፍተ ነገር አሁን አጠፋታለሁ አለችው። እንባዋ ቃሏን እየበላባት ብዙ ነገር አለችው። አባቷ ራሷን እየደባበሰ ሰማት።

«ተይ ልጄ። ሰዎቼ ተሻግረዋል። አሁን ደግሞ ተመለሱ ብላቸው በሁለት ገመድ መሃል ይወዛገባሉ፤ መሬት የሚለኩ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው እንኳ በእኛ ምክንያት ድንበር ቢሳሳት ምን ይባላል?»

«የለፋህበትስ?»

«ቁጭ ብዬ ከመዋል ተሽሎኛል» አለ።

ከዚያም እሷው እያየች የገመድን ገጽ ከፈተና በሁለት ጣቱ ፊደል እየለቀመ ጻፈ፦ «ገመድ ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል። እባካችሁ በልጄ እጅ ያለውን ተጠቀሙ። በጣም ጥሩ ነው።» አንብቦ፣ አንዲት ነጥብ አስተካክሎ ላከው። ኮምፒውተሩንም አጠፋና «እናትሽ ቁርስ አቅርባልን ነበር» ብሎ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹ ለጫፌ ይመጡ ጀመር። የበረሃው ልጅ ጻፈ፤ የደሴቷ ቀያሽ ጻፈች። ሁሉም ከሥራው ጥያቄ በፊት «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ይላሉ። «ደህና ነው፤ ሰላም ብሏችኋል» ትላቸዋለች። ሰላም ብሏቸው አያውቅም። ስትነግረው «እግዜር ይስጣቸው» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

እሑድ እሑድ መምጣቷን እንደ ድሮው ቀጠለች። አንድም እሑድ አላስታጎለችም። አባቷ ሳሎን ውስጥ ሬዲዮ እየሰማ ይጠብቃታል፤ ተነስቶ ይስማታል፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ኑሮው ይጠይቃታል። ትንሿ ክፍል የልብስ መተኮሻ ሆናለች። አንድ ቀን ሳትችለው ቀርታ «ተቀይመኸኛል አባዬ፤ ንገረኝ። ስደበኝ» አለችው።

«ኧረ አልተቀየምኩሽም! በምን?» አለ ደንግጦ። «ያኔውኑ ትቼዋለሁ እኮ። አንቺ ነሽ ያልተውሽው።»

እውነቱን ነበር። ጫፌ አባቷን ታውቀዋለች፤ ቂም የሚይዝ ሰው አይደለም። ቂም ቢሆን ኖሮ የምትፈታው፣ የምታባብለው፣ ሽማግሌ የምትልክበት ነገር ይኖራት ነበር። እሱ ግን ይቅር ብሏታል። ይቅር ብሏት ከሥራው ወጥቶ ሄዷል፤ ተከትላ የምትገባበት በር አልተወላትም።

ዓመታት አልፈው ቋንቋው ሌላ ቨርዥን አወጣ። አሁንም የተቀየረ ነገር አለ፤ አሁንም መሻገር ያስፈልጋል። ጫፌ ደስ አላት ብል አታምኑኝም፤ ግን ደስ አላት። በእሑዱ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣችና ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አባዬ፣ ይህችን ያለ አንተ አልወጣትም። የማዕዘን ስሌቷ ጋ ምን አስበህ እንደጻፍካት አልገባኝም።»

«እኔ? ረስቼዋለሁ እኮ ልጄ።»

«ብቻ አጠገቤ ተቀመጥ።»

ሬዲዮውን ዘጋና መጥቶ ተቀመጠ። መነጽሩን አደረገ። እሷ እያብራራች ሄደች። ሆን ብላ አንድ ቦታ ላይ ረዥም፣ የማይረባ ስም ሰጠች፤ እንዲጮህባት ፈለገች። አልጮኸባትም። ሌላ ቦታ አንድ መስመር ሳታስፈልግ ደገመች። አየው፤ ዓይኑ እዚያው ላይ ቆም ሲል በግልጽ አየችው፤ ልቧ ዘለለ። ከዚያ ዓይኑ ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሰው ቤት እንግድነት እንደሄደ ሰው፣ በትሕትና እያየ፣ በየመሃሉ ራሱን እየነቀነቀ ተቀመጠ።

«ጎበዝ» አላት በመጨረሻ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ። «በርቺ። እኔ ትንሽ ጋደም ልበል፤ ጉልበቴን ይዞኛል።»

የመኝታ ቤቱ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ። እናቷ እጇን በፎጣ እየጠረገች ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ ባዶውን ወንበር አየች፤ ከዚያ ጫፌን አየች።

«ምን አለሽ?»

«ጎበዝ አለኝ» አለች ጫፌ።

እናቷ ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችና መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።